የእንግሊዝኛን ግስ ከሥሩ ለመያዝ፦ አፉን በአማርኛ ለፈታ ሰው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ቃል አያጡም። ጤፍ፣ በሬ፣ ገበያ፣ ድልድይ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ዓረፍተ ነገሩ የሚሰበርባቸው ግሱ ላይ ነው። «ትናንት ገበያ አልሄደም» በሉ ስላቸው «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» ይላሉ። «ነገ እሄዳለሁ» ሲባል ደግሞ «አይ ጎ ቱሞሮው» ይመጣል። ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አማርኛ ግሱን የሚያስኬድበት መንገድ ሌላ፣ እንግሊዝኛ የሚያስኬድበት ሌላ ስለሆነ ነው። ልጁ በሚያውቀው መንገድ ሄደ እንጂ አልሰነፈም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ግስ ያልገባው ተማሪ የሚቸገረው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ጊዜ ወስደን ከሥሩ ብናየው ያዋጣል።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጡ ግን በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ስፔሊንጉ ካጠራጠራችሁ መዝገበ ቃላት ክፈቱ።

ደረጃ 1፦ የአማርኛውን ግስ ፍቱት

«አልነገርኳትም» የሚለውን ውሰዱ። አንድ ቃል ነው። ግን ያልተናገረው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንዳልተነገረ፣ ጊዜው ያለፈ መሆኑ፣ ነገሩም አለመደረጉ ሁሉም ውስጡ አለ። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አይዝም። ይበትነዋል። «አይ ዲድ ኖት ቴል ኸር» ይላል። «አይ» እኔ፣ «ዲድ» ያለፈ ጊዜ፣ «ኖት» አሉታ፣ «ቴል» መንገር፣ «ኸር» እሷን። አምስት ቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ትልቅ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ውስጥ ባለቤቱ አይቀርም። እኛ «መጣ» ብለን እናልፋለን፤ ማን እንደመጣ ግሱ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ «ሂ ኬም» ማለት ግድ ይለዋል። ባለቤት የሌለው የሚመስል ነገር እንኳ ባለቤት ይሰጠዋል። «ዘነበ» ስንል «ኢት ሬይንድ»፣ «ይበርዳል» ስንል «ኢት ኢዝ ኮልድ» ይሆናል። ባለቤት የሚቀረው በዋናነት በትእዛዝ ነው፤ «ሲት ዳውን»፣ «ዶንት ካም»።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ «ልጁ ዳቦ በላ»። እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል፤ «ዘ ቦይ ኤት ብሬድ»። ይህን አብዛኛው ሰው ቶሎ ይለምደዋል።

እስኪ እነዚህን ፍቱ፦ አላየሁህም፣ ረዳችኝ፣ እንወዳቸዋለን፣ አልጠሩንም። መልሱ በቅደም ተከተል «አይ ዲድ ኖት ሲ ዩ»፣ «ሺ ሄልፕድ ሚ»፣ «ዊ ላይክ ዜም»፣ «ዘይ ዲድ ኖት ኮል አስ» ነው። የራሳችሁን ጨምሩ። በቀን ጥቂት ግስ እየፈታችሁ ብትቆዩ፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቀልላችኋል።

ደረጃ 2፦ ነው፣ አለ፣ አለኝ

ቨርብ ቱ ቢ ስምንት መልክ አለው፦ ቢ፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ወር፣ ቢን፣ ቢዪንግ። ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ ብዙ መልክ ያለው እሱ ነው። በቃል መያዙ አይከብድም። የሚከብደው መቼ እሱን፣ መቼ ሌላውን እንደምንጠቀም መለየት ነው።

«ነው» ሲሆን ኢዝ፣ አር፣ አም ይመጣሉ። «ሐይቁ ትልቅ ነው» ማለት «ዘ ሌክ ኢዝ ቢግ» ነው። አንድ ነገር የሆነ ቦታ መኖሩን የሚናገረው «አለ» ሲሆን ዜር ኢዝ ወይም ዜር አር ይቀድማል። «ባሕር ዳር ሐይቅ አለ» ማለት «ዜር ኢዝ ኤ ሌክ ኢን ባሕር ዳር» ነው። ንብረት ወይም ዝምድና የሚናገረው «አለኝ፣ አለው» ሲሆን ደግሞ ሃቭ ወይም ሃዝ ነው። «አባቴ በሬ አለው» ስንል «ማይ ፋዘር ሃዝ አን ኦክስ» እንላለን። «ማይ ፋዘር ዜር ኢዝ ኦክስ» የሚል ልጅ «አለ» የሚለውን ድምፅ ተከትሎ ነው የሄደው። ፍቺውን ተከተሉ።

የሰውነት ስሜት ለብቻው ይጠና። በእኛ ረኀቡ ነው ሰውየውን የሚያገኘው፤ ርቦኛል፣ ጠምቶኛል፣ ደክሞኛል፣ በርዶኛል። በእንግሊዝኛ ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆንና ቨርብ ቱ ቢ ይከተለዋል። «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ሰርስቲ»፣ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ኮልድ»። ከዚህ ተነስታችሁ ግን አም የሚለውን በየቦታው አትጨምሩ። «እስማማለሁ» ማለት «አይ አግሪ» ነው። «አይ አም አግሪ» የሚለውን ቢሮ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎችም አፍ እሰማዋለሁ፤ ሁለት ግስ ያለ አገናኝ ተደርድረው መቆማቸው ነው ስህተቱ።

ደረጃ 3፦ ርባውን በቃል ያዙ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው። እዚያ ቤት ገብቶ የተማረ ሰው ግስ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። የግእዝ ግስ በአንድ መልኩ ብቻ አይጠናም። «ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ» እያለ ከነርባው፣ ማለትም ከሚለዋወጥበት መልክ ጋር፣ በዜማ ይወርዳል። እኔ ለእንግሊዝኛም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። «ጎ» ብቻውን አይጠናም። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ተብሎ ነው የሚያዘው። ትምህርት ቤት ቪ ዋን፣ ቪ ቱ፣ ቪ ስሪ የምንላቸው ናቸው።

አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ቢበዛ አምስት መልክ አለው፤ ከላይ ያየነው ቨርብ ቱ ቢ ብቻ ነው የሚበልጠው። ጎ፣ ጎዝ፣ ዌንት፣ ጎን፣ ጎዊንግ። ሬጉላር (ሕጉን ጠብቀው የሚለወጡ) ግሶች ደግሞ አራት መልክ ብቻ አላቸው፤ ዎርክ፣ ዎርክስ፣ ዎርክድ፣ ዎርኪንግ። የአማርኛን ግስ ርባ አስቡና አወዳድሩት፤ የእኛ እጅግ የበዛ ነው። እናንተ ከባዱን ሳታውቁት ለምዳችሁታል።

ኢሬጉላር ግሶችን በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ከተደረደረ ዝርዝር አታጥኑ። በድምፃቸው ቧድኗቸው። የማይለወጡት በአንድ በኩል ይሁኑ፤ ካት፣ ካት፣ ካት፤ ፑት፣ ፑት፣ ፑት። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ የሆኑት በሌላ በኩል፤ ባይ፣ ቦት፣ ቦት፤ ቲች፣ ቶት፣ ቶት፤ ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት። መሐል ድምፃቸው የሚዞር አሉ፤ ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ፤ ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ፤ ቢጊን፣ ቢጋን፣ ቢገን። ሦስተኛው ላይ «ን» የሚጨምሩም አሉ፤ ራይት፣ ሮት፣ ሪተን፤ ስፒክ፣ ስፖክ፣ ስፖክን፤ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን። ጮክ ብላችሁ አውርዷቸው። ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ቪ ዋንን ሲጠራ ሌላው ሁለቱን ቢመልስ ደግሞ ቶሎ ይገባል።

ሬጉላሮቹ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው የኢ እና የዲ ፊደል ሦስት ድምፅ አለው። ቲ ወይም ዲ በሚጨርሱት ላይ «ኢድ» ይሆናል፤ ዎንቲድ፣ ኒዲድ። እንደ ኬ፣ ፒ፣ ኤስ ያለ ድምፅ ሲቀድም ወደ «ት» ይጠጋል፤ ዎርክት፣ ስቶፕት። በቀሩት «ድ» ነው፤ ፕሌይድ። ጽሑፉ ግን ያው አንድ ነው።

ስለ ኤስ

በአማርኛ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች እያልን በየመደቡ እንለውጣለን። ከቨርብ ቱ ቢ በቀር፣ እንግሊዝኛ በአሁን ጊዜ የሚለውጠው አንዱን ብቻ ነው፤ ሦስተኛ መደብ ነጠላን። ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲሆኑ ኤስ ይጨመራል። «ሺ ሰልስ ኮፊ»፣ «ዘይ ሰል ኮፊ»። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው በንግግር ፍጥነት መርሳቱ ነው። የዚህ መድኃኒቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

እኛ ጋር አንድ ልዩ ችግር አለ፤ አክብሮት። «የኔታ መጡ»፣ «አያቴ ይተኛሉ» ስንል ግሱ የብዙ ነው። ልጆቹ ታላቅን ላለመድፈር ብለው «ዘይ ኬም» ይላሉ። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን አክብሮት በግስ አይገለጽም። አያት አንድ ናቸው፤ ወንድ ከሆኑ «ሂ»፣ ሴት ከሆኑ «ሺ»። «ማይ ግራንድፋዘር ስሊፕስ ኧርሊ» ብላችሁ ብትጽፉ ማንንም አልደፈራችሁም። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ሁሉም «ዩ» ናቸው። አክብሮቱን በሌላ ቃል፣ በድምፅና በጨዋ አጠያየቅ ታሳያላችሁ፤ «ኩድ ዩ ፕሊስ» እንደሚባለው።

ደረጃ 4፦ ረዳት ግስ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። የእንግሊዝኛ ግስ ሚስጥሩ ረዳቱ ላይ ነው፤ ከዋናው ግስ ፊት የሚቆመው እንደ ዲድ፣ ካን፣ ዊል ያለው ቃል ማለት ነው። ጊዜን፣ አሉታን፣ ጥያቄን የሚሸከመው ረዳቱ ነው። ዋናው ግስ ትርጉሙን ይዞ ከኋላ ይከተላል።

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ በአንድ የግስ ሰንሰለት ውስጥ ጊዜውን የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት የቆመው። «ሂ ዌንት» ስንል ከፊት ያለው ዌንት ራሱ ነው፤ ጊዜውን እሱ ያዘ። «ሂ ዲድ ኖት ጎ» ስንል ዲድ ከፊት ቆመ፤ ያለፈውን ጊዜ እሱ ወሰደው። ስለዚህ ጎ ወደ ሥሩ ተመለሰ። «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» የሚለው ያለፈውን ጊዜ ሁለቴ ተናገረ። የኤስም ነገር እንዲሁ ነው። «ሺ ዳዝ ኖት ሰል»፤ ኤሱ ዳዝ ውስጥ ገብቷልና ሰል ላይ አይደገምም።

ሁለተኛው ሕግ፦ «ኖት» ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ ይገባል። ጥያቄ ሲሆን የመጀመሪያው ረዳት ከባለቤቱ በፊት ይዘላል። «ሺ ካን ስዊም»፣ «ሺ ካን ኖት ስዊም»፣ «ካን ሺ ስዊም?»። ረዳት ከሌለስ? ዱ ተጠርቶ ይመጣል። «ዘይ ሊቭ ኢን ዳንግላ»፣ «ዘይ ዱ ኖት ሊቭ ኢን ዳንግላ»፣ «ዱ ዘይ ሊቭ ኢን ዳንግላ?»። ቨርብ ቱ ቢ ብቻ ዱን አይፈልግም፤ ራሱ ይዘላል። «ኢዝ ሂ ኤ ቲቸር?»

ሦስተኛው ሕግ፦ እያንዳንዱ ረዳት ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ምን መልክ መያዝ እንዳለበት ያዛል።

ከዱ፣ ዳዝ፣ ዲድ በኋላ ቪ ዋን። ከካን፣ ኩድ፣ ዊል፣ ውድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት በኋላም ቪ ዋን፤ እነዚህ ኤስ አይቀበሉም፣ ቱም አይከተላቸውም። «ሂ ካንስ» የለም፤ «ሂ ማስት ቱ ጎ» የለም። ከሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ በኋላ ቪ ስሪ። ከቨርብ ቱ ቢ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ እየተደረገ ያለ ሲሆን አይ ኤን ጂ ያለው መልክ (ጎዊንግ፣ ዎርኪንግ)፣ ተደራጊ ሲሆን ቪ ስሪ።

ይህ ከገባችሁ የቱንም ረጅም ሰንሰለት መፍታት ትችላላችሁ። «ሺ ማስት ሃቭ ቢን ስሊፒንግ» የሚለውን እንየው፤ «ተኝታ የነበረች መሆን አለበት» ማለት ነው። ማስት ቪ ዋን ያዛል፤ ስለዚህ ሃዝ ሳይሆን ሃቭ መጣ። ሃቭ ቪ ስሪ ያዛል፤ የቢ ቪ ስሪ ቢን ነው። ቢን ደግሞ አይ ኤን ጂ ያዛል፤ ስሊፒንግ መጣ። እያንዳንዱ የኋላውን እየጠራ ነው የሚሄደው። የመማሪያ መጽሐፋችሁን አንድ ገጽ ከፍታችሁ ረዳቶቹን ሁሉ አስምሩባቸውና ይህን ሰንሰለት ተከታተሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሥራ ሁለቱን ቴንስ በስማቸው ከመሸምደድ ይህ ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ጊዜዎቹን ከአማርኛው ጋር ማጋጠም

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ወጥመዱ የበዛው እዚህ ነውና።

«እሄዳለሁ» ለእኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። «በየቀኑ እሄዳለሁ» እንላለን፣ «ነገ እሄዳለሁ» እንላለን፤ ግሱ ያው ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። የዘወትሩ «አይ ጎ ኤቭሪ ደይ» ነው። የነገው «አይ ዊል ጎ ቱሞሮው» ወይም፣ አስቀድሞ የታቀደ ከሆነ፣ «አይ አም ጎዊንግ ቱ ጎ ቱሞሮው»። እሄዳለሁ ልትሉ ስትሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልማድ ነው ወይስ ገና የሚመጣ?

ሆኖም «ስትመጣ እነግርሃለሁ» ሲባል ዊል አንዴ ብቻ ነው የሚገባው። «ዌን ዩ ካም፣ አይ ዊል ቴል ዩ»። አማርኛም እኮ «ስትመጣለህ» አይልም። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ፤ ጆሯችሁን እመኑት።

ቀጥሎ «በልቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ጨርሻለሁ» የሚለው አለ። ብዙ ጊዜ ከፕረዘንት ፐርፌክት (ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ቪ ስሪ) ጋር ይገጥማል። «አይ ሃቭ ፊኒሽድ»። ነገሩ ያለፈ ነው፤ ውጤቱ ግን አሁን አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት እንችላለን። እንግሊዝኛ ትናንት፣ አምና፣ በ2015 የሚል ያለቀ ጊዜ ከተጠራ ሃቭን አይቀበልም። «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ብቻ። በተቃራኒው «ከልጅነቴ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ» ስንል አማርኛው የአሁን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሃቭን ይጠራል፤ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ደብረ ማርቆስ ሲንስ ቻይልድሁድ»። «ሲንስ» ስታዩ ሃቭን ፈልጉ።

አሁን ደግሞ መጻሕፍቱ ብዙም የማይነግሩን። «ተቀምጧል፣ ቆሟል፣ ተኝቷል፣ ለብሷል» ስንል መልኩ እንደ «በልቷል» ነው። ፍቺው ግን ሰውየው አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን በአይ ኤን ጂ ይናገራል፤ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጋቢ»። «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ካላችሁ ሰሚው ተኝቶ ተነስቷል ብሎ ነው የሚረዳችሁ።

«ገብቶኛል» ደግሞ «አይ አንደርስታንድ» ነው፤ «ወድጄዋለሁ» «አይ ላይክ ኢት»። ሁለቱም ፕረዘንት፣ የአሁን ጊዜ ናቸው። የማወቅ፣ የመውደድ፣ የመፈለግ፣ የማመን ግሶች በተለመደው ንግግር አይ ኤን ጂ አይወዱም። «አይ አም ኖዊንግ» አይባልም።

«በልቼ ነበር» ሃድ ነው። የሚያስፈልገው ግን ሁለት ያለፉ ነገሮች ኖረው አንዱ ሲቀድም ነው፤ «ሲመጣ በልቼ ነበር»፣ «ዌን ሂ ኬም፣ አይ ሃድ ኢተን»። አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ቪ ቱ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ተደራጊውና የቀሩት

ተደራጊ የሚሠራው በቨርብ ቱ ቢ እና በቪ ስሪ ነው። ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በእንግሊዝኛ «ዘ ኒው ዓባይ ብሪጅ ዎዝ ኦፕንድ ኢን 2024» ትላላችሁ። ዓመቱም በእነሱ አቆጣጠር መቀየሩን ልብ በሉ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ደግሞ «ተ» ያለበት ሁሉ ተደራጊ አይደለም። «ተሰበረ»፣ «ተሠራ» ተደራጊ ናቸው። «ተማረ»፣ «ተናገረ»፣ «ተቀመጠ» ግን በእንግሊዝኛ አድራጊ ናቸው፤ «ሂ ለርንድ»፣ «ሂ ስፖክ»፣ «ሂ ሳት»።

«መሄድ እፈልጋለሁ» ሲሆን ዎንት ቱን ይጠራል፤ «አይ ዎንት ቱ ጎ»። ኤንጆይ እና ፊኒሽ ግን አይ ኤን ጂ ይጠራሉ፤ «ሺ ኤንጆይስ ሪዲንግ»። ላይክ ሁለቱንም ይቀበላል። አዲስ ግስ ደብተር ላይ ስትመዘግቡ የሚጠራውን አብራችሁ ጻፉ።

መሞከሪያ

ይህን ሳታዩ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፦

«ትናንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ሄድን። መንገድ ላይ ዘነበ። እህቴ አልመጣችም። ተማሪ ናት፤ ፈተና አለባት። አሁን ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። ዓሣ በልተናል። ነገ በጀልባ ወደ ዘጌ እንሄዳለን።»

መልሱ፦ «የስተርደይ ዊ ዌንት ፍሮም ፍኖተ ሰላም ቱ ባሕር ዳር። ኢት ሬይንድ ኦን ዘ ዌይ። ማይ ሲስተር ዲድ ኖት ካም። ሺ ኢዝ ኤ ስቱደንት ኤንድ ሺ ሃዝ አን ኤግዛም። ናው ዊ አር ሲቲንግ ባይ ዘ ሌክ። ዊ ሃቭ ኢተን ፊሽ። ቱሞሮው ዊ ዊል ጎ ቱ ዘጌ ባይ ቦት።»

«ዘነበ» ላይ ኢት ከቀረባችሁ ደረጃ 1ን ድገሙ። «አለባት» ላይ ዜር ኢዝ ከመጣ ደረጃ 2ን። «ዲድ ኖት ኬም» ካላችሁ ደረጃ 4ን። «ተቀምጠናል» ላይ ሃቭ ከገባ ወይም «ነገ» ላይ ዊል ከጎደለ ደረጃ 5ን። ከዚያ ስለ ራሳችሁ ቀን እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ጻፉና እሱን መልሱት።